የሐጂ ክር

ባለፈው ሰሞን የቤቴ መብራት ተበላሽቶ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠርቼ ነበር። ሰውየው ቆጣሪው ሥር ቆሞ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የተረፈችውን ሽቦ ጫፍ በላይተር ለኮሰና በምራቁ ባረጠበው ጣቱ ጨፍለቅ አደረጋት። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የያዝሁትን ሻይ መጠጣት አቃተኝ።

«እትየ፣ ሽታው አስቸገረዎት? በሩን ልክፈተው?» አለኝ።

«ኧረ ተወው። እስቲ ደግመህ ለኩሳት» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ጤንነቴን ሳይጠራጠር አልቀረም። ግን ለኮሰልኝ። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ሰው ሁሉ አፍንጫውን የሚይዝበት ነው፤ ይመራል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እኔን ግን ይዞኝ የሚሄደው አራተኛ ክፍል ነው፤ ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር፣ ጓደኛዬ ሰናይት አጠገብ። ከዚያም አያቴ አባየ ሱቅ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ሳወራ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁና ታገሡኝ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ ካርድ፣ ሳሙና በወረፋ፣ ስብሰባ ግን እንደ ልብ የሚገኝበት። አክስቴ ወረታ ወልዳ እናቴ አራስ ልትጠብቅ ሄዳለች። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤት የሚያድረው ለበዓል ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለው ቤታችን ያን ሰሞን የእኔና የአባየ ብቻ ሆነ። አባየ የምለው የእናቴን አባት ነው፤ ሰፈሩ «ሐጂ» ይላቸዋል። እናቴ ስትሄድ እጄን ይዛ እጃቸው ላይ አድርጋ «አማና ናት» አለቻቸው፤ አደራ ማለቷ ነው። ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ አላቸው። ሱቅ ስላችሁ ብዙ እንዳትጠብቁ፤ ጨው፣ ክብሪት፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የወንበር መቀመጫ የሚጠለፍበት ጥቅል ላስቲክ፣ ሲገኝ ደግሞ ጨርቅ። የመደርደሪያው ግማሽ ባዶ ነው። አባየ ባዶውንም በየጠዋቱ ይወለውሉታል።

ዓይናቸው ላይ ሞራ ወርዷል። ሰውን በድምፁ፣ ዕቃን በጣታቸው ነው የሚለዩት። ጨርቅ ሲመጣላቸው በሁለት ጣት አሸት አሸት ያደርጉና «ይኼ የእኛው ፋብሪካ ነው፤ ያኛው የውጭ ነው» ይላሉ፤ አንድም ቀን ስተው አያውቁም። የማያገኙት ነገር ቢኖር የሱቃቸውን ቁልፍ ብቻ ነበር። ቁልፏ በቁራጭ ጨርቅ ታስራ ኪሳቸው ትገባለች፤ ከዚያ በየት በኩል እንደምትወጣ አላህ ይወቅ። አንድ ቀን ጨው ጆንያ ውስጥ ትገኛለች፣ ሌላ ቀን መስጊድ በር ላይ ጫማቸው ውስጥ። «ዘይኑ፣ ቁልፏን አይተሻታል?» የማይሉበት ጠዋት የለም። ስሜ ዘይነብ ነው፤ ዘይኑ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ራሳቸውም ይስቁበት ነበር። አንድ ጠዋት ግን ቁልፏን ስንፈልግ ጨው ሊገዛ የቆመ ሰው «ሐጂ አርጅተዋል፣ ሱቁን ለሰው ቢተዉት ይሻላል» ሲል ሰሙት። በጨው ጆንያው ላይ እንዳጎነበሱ ቀሩ። ያን ቀን አንጀቴን በሉት።

ሰናይት የመጣችው በዚያው ዓመት መስከረም ነው። አባቷ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ መካኒክ ሆነ፤ ቤታቸው ከእኛ ጋር አጥር ለአጥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ተጣላን። እኔ «ሐይቅ ዳር ሄድሁ» ስል «ሁ ሁ ሁ፣ እንደ ጉጉት» ብላ ሳቀችብኝ። «አንቺስ ሄድኩ፣ ወሰድኩ፤ ኩ ኩ ኩ፣ እንደ ዋኖስ» አልኋት። ጉጉትና ዋኖስ እየተባባልን ጓደኛ ሆንን። እንደምታዩት ሁዬን እስከዛሬ አልተውሁም።

ብዙ ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ከፋብሪካው የሚጮኸው ሳይረን እሷ እስክትነግረኝ ድረስ የጉማሬ ድምፅ ይመስለኝ ነበር፤ አባየ በየቀኑ «ጉማሬው ጮኸ፣ ሰዓት ደረሰ» ስለሚሉ። ሰዓት የሚያውቅ ጉማሬ በመኖሩ ባሕር ዳርን ከአዲስ አበባ አስበልጬ እኮራባት ነበር። ሰናይት አፍርጣ ነገረችኝ፤ ለሁለት ቀን አኮረፍኋት።

ላስቲክ መጎንጎንንም ያመጣችው እሷ ናት። የእጅ ሥራ መምህራችን «እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር ሠርታችሁ ታመጣላችሁ» አሉን። ሌላው ልጅ ከሐይቅ ዳር ደንገል ታንኳ፣ ከጭቃ በሬ ሊሠራ ተነሣ። ሰናይት ግን ከደብተሯ መሀል ቀይና ቢጫ ላስቲክ አወጣች፤ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበር የሚጠለፍበት ዓይነት፣ ግን ቀጭን። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ዋርካው ሥር ተቀምጠን አሳየችኝ።

ሁለቱን ላስቲክ በመስቀለኛ ታጋድማቸዋለች፤ አራት ጭራ ይወጣል። አንዱ ጭራ ታጥፎ ወዲያ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ታጥፎ ወዲህ ይመለሳል፣ ሦስተኛው በአንዱ ላይ አልፎ በሌላው ሥር ይገባል፣ አራተኛው በተቃራኒው ይወጣል። ከዚያ አራቱም በአንዴ ይሳባሉ። «ሂድ፣ ተመለስ፣ ግባ፣ ውጣ፣ ሳብ» እያለች ታዘዋለች። ጠበቅ አድርጋ ስትስበው ትንሽዬ አራት ማዕዘን ትሆናለች፤ በላይዋ ሌላ፣ በላይዋ ሌላ እያለ ይቆማል።

የመጀመሪያው ቀን የእኔ ግንብ ተንጋደደ። በሦስተኛው ቀን ቀጥ አለ። እናቶች ከድንጋዩ ላይ ልብስ ይወቅጣሉ፤ እንጨት የጫነ ታንኳ ከዘጌ በኩል ቀስ ብሎ ይመጣል፤ እኛ ሁለታችንም እናጉተመትማለን፣ ሂድ፣ ተመለስ፣ ግባ፣ ውጣ፣ ሳብ። ጣቴ በላስቲኩ ጠርዝ ተቆርጦ ያቃጥለኝ ነበር። ማታ ስተኛም እጄ ይሠራ ነበር ብል አላጋነንሁም። ደስታ ማለት ያ ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

ለአባየ ቁልፍ ማንጠልጠያ ልሥራ ያልሁት ያኔ ነው። አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ወዴትም አትሄድም፤ ማንም «አርጅተዋል» አይላቸውም።

«ለአንገት ከሆነ ረጅም ላስቲክ ይፈልጋል» አለች ሰናይት። «የኔ ለእጅ አምባር እንኳ አይበቃም። አያትሽ ሱቅ የለም?»

ነበረ። ታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ አንድ ሙሉ ጥቅል። ችግሩ የአባየ አለመሆኑ ነው። ወንበር የሚጠልፍ የመራዊ ሰው ገዝቶት፣ በሚቀጥለው መኪና እወስደዋለሁ፣ አማና ይቀመጥልኝ ብሎ ትቶታል። አማና በእኛ ቤት ምን እንደሆነ በዚህ እወቁት፤ አንዲት ሴት ዶሮዋን አማና ብላ ትታ ዘጠኝ ወር ጠፋች። አባየ ከዚያች ዶሮ አንድ እንቁላል አላስነኩንም። ሴትዮዋ ስትመለስ ዶሮዋን ከነጫጩቶቿ አስረከቧት፤ እሷ እንኳ አፍራ ሁለቱን ልትተውልን ብላ እምቢ አሏት።

እንግዲህ እኔ ከዚያ ጥቅል ቆረጥሁ። አባየ ለሶላት ሲወጡ የሱቁን ምላጭ አነሣሁና፣ እንዳይታወቅ ከውስጥ በኩል ስቤ፣ ሃያ ክንድ ያህል ወሰድሁ። ለራሳቸው ቁልፍ ነው፣ ስለዚህ ስርቆት አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ግማሽ ቀን ያህል አመንሁት።

አንገት የሚዞረውን ክፍል ሰናይት ቀጠን ያለ ጉንጉን አስተማረችኝ፤ ደረት ላይ የሚወርደውን በአራት ማዕዘኑ ልቀጥል ነው። አንገቱ ሲያልቅ እናቷ ጋ ይዘን ገባን። እትየ አስካለ ቀጭን፣ ቶሎ የሚደነግጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። ክብሪት ጭረው የመገጣጠሚያውን ጫፍ ለኮሱት፣ በረጠበ ጣታቸው ተጫኑት፤ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው።

«አዲስ ላስቲክ ግትር ነው» አሉኝ። «እስክትጨርሺው አንገትሽ ላይ አድርጊውና ዋይበት፤ ሙቀት ሲያገኝ ይለዝባል። ለሽማግሌ አንገት እንዲህ ሆኖ አይሆንም፣ ይፍቃቸዋል።»

አንገቴ ላይ አደረግሁት። ያላለቁትን ጭራዎች ቀሚሴ ውስጥ ከተትሁ።

እሑድ ቀን ነው። አባየ ለቀትር ሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውኃ የማፈስላቸው እኔ ነኝ። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው እኔ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ጎንበስ ስል የቀሚሴ አንገት ተከፈተ። ፊታቸው ከፊቴ አንድ ስንዝር አይርቅም። እጃቸው ቆመ። ውኃው በመዳፋቸው ሞልቶ ይፈሳል፣ እሳቸው አያንቀሳቅሱትም።

«አባየ፣ ውኃው» አልሁ።

«እሺ» አሉና ፊታቸውን ታጠቡ።

ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጓዳ ጆንያ ሳጣጥፍ ከደጅ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ አብረዋቸው ያሉት ሸህ እንድሪስ ናቸው፣ የልብ ወዳጃቸው፣ ቀልድ የማያልቅባቸው።

«ልጅቱ ክር አሰረች» አሉ አባየ።

«የቷ ልጅ?»

«ዘይኑ። አንገቷ ላይ በዓይኔ አየሁት።»

«በየትኛው ዓይንዎ ሐጂ?»

«አትቀልድ እንድሪስ። ጠቆር ያለ ክር ነው። እናቷ አማና ብላኝ ነው የሄደችው። ምን እላታለሁ?»

ሸህ እንድሪስ ቀልዳቸውን ተዉ። እሳቸው ቀልድ ሲተዉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አሁን የእኔን ጅልነት ስሙልኝ። ማተብ የሚለውን ቃል አውቃለሁ፤ የክፍላችን ልጅ ግማሹ «ማተቤን» እያለ ይምላል። ትልልቅ ሰዎች ማተብን «ክር» እንደሚሉት፣ «ክር አሰረች» ማለት ክርስቲያን ሆነች ማለት እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም። ለእኔ ክር በመርፌ የሚገባው ክር ነው። ስለዚህ ከጓዳ ሆኜ እፎይ አልሁ። ክር መስሏቸዋል። ላስቲክ መሆኑን ካወቁ «ከየት አመጣሽው» ይሉኛል፣ ያኔ አማናው ይወጣል። ክር ከመሰላቸው ይምሰላቸው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አስጠሩኝ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ዘይኑ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ክር ነው?»

«አዎ አባየ፣ ክር ነው» አልሁ ፈጠን ብዬ።

«ማን አሰረልሽ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ያስገደደሽ፣ ያታለለሽ ማነው?»

«ማንም የለም። ወድጄ ነው ያሰርሁት።»

መቁጠሪያው ቆመ። «ጎረቤታችን ሴትዮ ታውቃለች?»

«እትየ አስካለ ናቸው የረዱኝ» አልሁ፤ ላመሰግናቸው ብዬ።

ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው ዱዓ ያደርጉልኛል። ያን ቀን እጃቸው ተነሣ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ መቁጠሪያው ላይ ወረደ። አሁን ሳስበው፣ ያ ጨርቅ በሁለት ጣት የሚለይ ሰው እጁን ዘርግቶ አንገቴን ቢነካ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። አልነኩኝም። እርግጠኛ መሆን ፈርተው ነው፤ እኔም በቦታቸው ብሆን የምፈራ ይመስለኛል።

ሰኞ ጠዋት ቁልፏ ጠፍታ ፈልጌ ሰጠኋቸው። ተቀብለውኝ «ሐሙስ ወረታ ትሄጃለሽ» አሉኝ። «ከእናትሽ ጋር እዚያው ትቀመጫለሽ። ሸህ ዘንድ ቁርኣን ትቀሪያለሽ።»

«ትምህርቴስ?»

«ትምህርት ወረታም አለ።»

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ከወሰነ በኋላ ለምን አይባልም። ለምን ማለትም አላስፈለገኝም፣ ምክንያቱን አውቃለሁ ብያለሁና። ጥቅሉን ዳሰውታል፤ መጉደሉን አውቀዋል፤ «ሌባ ነሽ» ማለት አሳፍሯቸው ነው ዝም ብለው የሚያባርሩኝ። አማና የሚበላ ልጅ ቤታቸው እንዲያድር አይፈልጉም። እንዲህ ነው የተረጎምሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ አልወርድ አለኝ። እሳቸውም አልበሉም፤ እየተመላለሰች ምግብ የምትሠራልን ሴት ድስቱን እንዳለ ስታገኘው «በዚህ ቤት ምን ገባ» ትል ነበር።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ለሰናይት ነገርኋት። ዋርካው ሥር ቆመን ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እሷ አፍንጫዋን ጠርጋ «መልሺላቸዋ» አለች። «ላስቲኩን መልሺላቸውና ይቅር ይሉሻል።»

«ተሠርቷል እኮ።»

«ይፈታላ።»

እሑድን ጨምሮ ስሠራው ከርሜ አንገቱ አልቆ ደረቱ እጅ የሚያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። እትየ አስካለ ያቃጠሏትን ጫፍ በጥርሴ ነቀልኋት፤ መራራ ናት። ከዚያ ወደ ኋላ ጀመርን። ለመፍታት የሚባል ዜማ አልነበረንም። ሰናይት አንዱን ጭራ ይዛ እኔ ሌላውን፣ ዝም ብለን አራት ማዕዘኗን አንድ በአንድ አፈረስናት። ሲያልቅ ላስቲኩ ቀጥ አልል አለ። ሹሩባ ሲፈታ ጸጉር እንደሚሆነው ሆኖ ቀረ፤ በድንጋይ አሸነው፣ በውኃ ነከርነው፣ በጭናችን ጎተትነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት እዚያው ነው። እንዲሁ እንደተጨማደደ ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁ።

አባየ ብቻቸውን ሱቅ ውስጥ ተቀምጠዋል። የወረታ መንገዴ ጓዝ አጠገባቸው ተዘጋጅቷል፤ ሁለት ቀሚሴ፣ የፕላስቲክ ጫማዬ፣ ለአራሷ አንድ ቁና ጨው። ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«የሰረቅሁት ነው። ሁሉንም መልሻለሁ። ሌላ አልቀረም፣ ወላሂ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ሁለት ጣታቸው መሀል አሸት አሸት አደረጉት፣ እንደ ጨርቁ። እጥፋቱን አንድ በአንድ ዳሰሱት።

«ይኼ ላስቲክ ነው።»

«አዎ። የመራዊው ሰውዬ ነው። አማና መሆኑን እያወቅሁ ነው የቆረጥሁት።»

«ክሩስ የታለ?»

«የቱ ክር?»

«አንገትሽ ላይ የነበረው።»

«እሱ ነው» አልሁ። «ፈትቼው ነው።»

ላስቲኩን እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ በጣም ቀስ ብለው «ክር ነው አላልሽኝም?» አሉ።

«ላስቲክ ነው ብል ከየት አመጣሽው ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው።»

«አንገትሽ ላይ ለምን አሰርሽው?»

«እንዲለዝብ። አለዚያ አንገትዎን ይፍቅዎታል ብለው እትየ አስካለ ነገሩኝ። ለቁልፍዎ ነው የምሠራው። እንዳትጠፋብዎ። ሰው አርጅተዋል እንዳይልዎት።»

እጃቸው ጠረጴዛውን አልፎ መጣ፣ ራሴን ፈልጎ አገኘው። ሲያለቅሱ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ያሳላቸው መሰለኝ። ቆይተው ነው የነገሩኝ፤ ክር ማለት ማተብ እንደሆነ፣ አራት ቀን ሙሉ እናቴን ምን ብዬ አያታለሁ እያሉ እንደሰነበቱ።

«በላስቲክ?» አልሁ፤ በእውነት ገርሞኝ ነው።

ያን ጊዜ ሳቁ። እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ለምን እንደምስቅ ግን በደንብ አልገባኝም። ጓዙን በእግራቸው ወደ ጠረጴዛው ሥር ገፉት። ወረታ ቀረ ማለት እንደሆነ በዚያ ነው ያወቅሁት። ከመደርደሪያው ላይ ባርኔጣቸውን ሲያነሡ «ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«እዚያች ሴት ዘንድ። አራት ቀን በልቤ አምቼያታለሁ።»

እትየ አስካለ ሐጂ ደጃቸው ላይ ሲቆሙ ደንግጠው መቀመጫ ፈለጉ። አባየ ሳይቀመጡ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯቸው፣ አንዱንም አላስቀሩም። «ልጄን ክር ያሰርሽባት መስሎኝ ነበር። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሏቸው።

እትየ አስካለ መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ መቀነታቸውን ፈታ አድርገው ከጫፉ ቋጠሮ ውስጥ ሁለት አጫጭር ጥቁር ክሮች አወጡና መዳፋቸው ላይ አደረጉ።

«ይቺ የሰናይት ናት፣ ይቺ የታናሽ ወንድሟ» አሉ። «ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ልጆችህ ክር ያስራሉ ይሉኛል ብሎ ስለፈራ ከአንገታቸው ፈታኋቸው። እኔ የገዛ ልጆቼን ክር መቀነቴ ውስጥ የቋጠርኩ ሴት ነኝ ሐጂ። የሰው ልጅ አስራለሁ ብለው ነው?»

ሰናይት ከጎኔ ቆማ አንገቷን በእጇ ነካች። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ አንገቷ ባዶ መሆኑን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። አባየ ክሮቹን አልነኩም። መዳፋቸውን ከእትየ አስካለ መዳፍ በላይ ዘርግተው «አላህ ያቆይልሽ» አሉ። «በገዛ እጅሽ መልሰሽ የምታስሪላቸው ቀን ይምጣ።»

«አሜን» አሉ እትየ አስካለ፣ እንደ ወትሯቸው በማይሰማ ድምፅ፤ ክሮቹንም መልሰው ቋጠሩ።

የመራዊው ሰውዬ ቅዳሜ መጣ። አባየ እጄን ይዘው ፊቱ አቆሙኝና «ተናገሪ» አሉኝ። ተናገርሁ። ሰውየው «ከወንበሬ አንድ መስመር ቢጎድል ማን ያየዋል ሐጂ፤ ለልጅቱ ትቼዋለሁ» አለ። አባየ ግን በዚያ አልለቀቁትም፤ «አውፍ ብያታለሁ በል» ብለው በአፉ አስባሉት፣ ከዚያ ነው ጥቅሉን ያስረከቡት። እኔም እንደገና ጀመርሁ፤ በዚህ ጊዜ በግልጽ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ አባየ አጠገቤ ሆነው።

አንዴ የታጠፈ ላስቲክ ግን አስቸጋሪ ነው። የድሮው እጥፋትና የአዲሱ ሲገናኙ ጥሩ ይገጥማሉ፤ ሲሳሳቱ ጉብ ይላል። እንደ ፊተኛው አላማረም። እንደገና ላፍርሰው ብዬ ሳስብ አባየ በጣታቸው ዳሰሱትና ከጉብታዎቹ አንዷ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ነው ሐይቅ ዳር ያለቀስሽው?» አሉኝ።

«ምናልባት» አልሁ፤ ዋርካው ሥር ማልቀሴን ነግሬያቸው ነበር።

«እንግዲያው እንዳትነኪው።»

ጫፉን ያቃጠሉት ራሳቸው ናቸው። እኔ ክብሪት ጫርሁላቸው፣ እሳቸው በረጠበ ጣታቸው ተጫኑት፤ ሽታው ሱቁን ሞላ። የእጅ ሥራ መምህራችን አይተውት «ተንጋዷል» ብለው ከአሥር ስድስት ሰጡኝ። ሰናይት የተሰጣት ዘጠኝ ነው። ምንም አልመሰለኝም።

በሚቀጥለው ዓርብ አባየ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ለጁምዓ ሲወጡ ቁልፏን በሰማያዊው ጉንጉን ከልብሳቸው በላይ፣ ደረታቸው ላይ አንጠለጠሏት። ከውስጥ ቢያደርጓት አይሻልም ወይ ብላቸው እምቢ አሉኝ። እስከ መስጊዱ መታጠፊያ ሸኘኋቸው። ሸህ እንድሪስ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ነበርና ገና ከሩቅ አይተው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ሐጂ፣ ክር አሰረች የተባለችው ልጅቱ ነበረች። ደግሞ እርስዎ ክር አሰሩ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አባየ አልሳቁም። እጃቸው ወደ ኋላ ዞሮ ራሴን ፈለገ፣ አገኘው፣ እዚያው ተቀመጠ።

«አዎ፣ ክር ነው» አሉ። «ልጄ ናት የሠራችልኝ። ወድጄ ነው ያሰርሁት።»